ጣና ዳር የገደልኩት ሰው

ባሕር ዳር ተቀምጬ የምስጢር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። የቤተሰብ ጉድ ነው፦ አባት ይሞታሉ፣ ኑዛዜው ይጠፋል፣ ወንድምየው መሬቱን ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ታሪክ ከመጨረሻው ተነስቶ ነው የሚሠራ፤ መጀመሪያ ገዳዩን ትወስናለህ፣ ከዚያ ማን በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተወለደ፣ ያን ሌሊት የት እንዳደረ ትመዘግባለህ። አለዚያ ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ እናቱን በ6 ዓመት ብቻ ያንሳል። (ደርሶብኛል።)

እናም ካርቶን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ሳሎን ለጠፍኩ፦ «አጎት፦ ኑዛዜውን ሰርቋል። መርዙ፦ ብርሌው ውስጥ። ሳጥኑ፦ ዘጌ፣ ቋጥኙ ሥር።» ስም አላወጣሁላቸውም። ጥፋቴ እሱ ነው።

ስኳር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ ከዘጌ ቡና ይዛልኝ የመጣችው አክስቴ ካርቶኑ ፊት ቆማለች። አጎቴን በስልክ ጠርታለች፤ እሳቸው ደግሞ ሁለት ሽማግሌ አስከትለዋል። ጎጃም ውስጥ «መሬት» እና «ኑዛዜ» በአንድ ቤት ከተነሱ ልቦለድ ነው ብሎ የሚገምት የለም።

«እኔ ነኝ መርዘኛው?» አሉ አጎቴ፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ፈጠራ ነው!» ብዬ ማልኩ። ስላላመኑኝ ሙሉውን ተረክሁላቸው። የባሰው ያኔ መጣ።

ሳጥኑ የሚገኘው እኩለ ሌሊት ላይ ውሃው ሲሸሽ ነው። ይህን የቀዳሁት ከውጭ አገር ልቦለዶች ነው፤ የባሕር ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት፣ በብዙ ቦታ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ይሞላል፣ በመሃሉ ይሸሻል። አክስቴ ሳቀች። «ጣና በሌሊት ሲሸሽ ያየኸው ጠጥተህ ነው። እሱ የሚጎድል በሰኔ፣ የሚሞላ በመስከረም።» እውነቷን ነው፤ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በሰኔ የተደበቀውን ሳጥን ክረምቱ ይሸፍነዋል፣ ከዚያ በጋውን ሙሉ ጣት በጣት ይገለጣል። ገዳዩ ውሃው በጎደለ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል።

ሁለተኛውን ስህተት ያገኙት አንዱ ሽማግሌ ናቸው። ገዳዩ ሌሊት በደንገል ታንኳ ደርሶ መልስ ያደርግና ጠዋት «ከቤቴ አልወጣሁም» ይላል። «ታንኳው መች ደረቀለት?» አሉኝ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ሲቀዘፍ ያደረ ታንኳ ይከብዳል፣ እንዲደርቅም በቁሙ ይደገፋል። መርማሪዬ 40 ገጽ ሙሉ የጣት አሻራ ሲያስስ፣ ማስረጃው ደጅ ቆሞ ይንጠባጠባል!

አክስቴን ግን ያናደዳት ሌላ ነው፦ «ሰውዬው ከሞቱ ሁለት ወር፤ አርባቸው የታለ?» ተጠርጣሪዎቹን በሙሉ አንድ ዳስ ውስጥ ጠላ አስይዞ የሚሰበስብ ከተዝካር የተሻለ ምን ሰበብ አለ? የውጭዎቹ መርማሪዎች ሰው ሳሎን ለማስቀመጥ ስንት ይለፋሉ።

አጎቴ የታረቁኝ «አጎት» የሚለው እንዲፋቅ አስምለውኝ ነው። ፋቅሁና «የክርስትና አባት» ብዬ ተካሁት። አክስቴ ስትመለስ በክርስትና አባቴ ቤት በኩል አልፋለች መሰለኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ስልኬን አያነሱም።