ቅሬ የሌለው ኢዮና

የሩሲያ አጫጭር ልቦለዶች ልቤን አጨለሙት ብሎ መጽሐፉን የከደነ ወሎዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ከታተመው የቼኮቭ «ቶስካ» እንደገና ይጀምር። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ያልቃል። ርዕሱን «ሐዘን» ብሎ መተርጎም አይበቃውም፤ ሰሚ አጥቶ ውስጥ ውስጡን የሚበላ ትካዜ ነው።

ኢዮና ፖታፖቭ በፒተርስቡርግ በፈረስ የሚጎተት የበረዶ ጋሪ ይነዳል። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። የተሳፈረው መኮንን «በምን ሞተ?» ብሎ ይጠይቅና ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀጥለው ከተሳፈሩት ሦስት ጎረምሶች አንዱ «ሁላችንም እንሞታለን» ይለዋል፤ ማጅራቱንም ይመቱታል። ዘበኛው ከበሩ ላይ ያስነሳዋል። ማደሪያው ውስጥ የነቃው ወጣት ነጂ ውሃውን ጠጥቶ፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል።

ችኩል አንባቢ የሚዘለው ከዚህ በኋላ ያለውን አንቀጽ ነው። ኢዮና መናገር የሚፈልገው ተዘርዝሯል፦ ልጁ እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደተሰቃየ፣ ሊሞት ሲል ምን እንዳለ፣ ቀብሩ፣ ልብሱን ለመውሰድ ሆስፒታል የሄደበት። ሰሚውም አብሮ ማቃሰትና ሙሾ ማውረድ አለበት ይላል። ይህ እኮ የለቅሶ ቤታችን ወግ ነው! ደሴም ሆነ ወረኢሉ፣ ቅሬው (የወሎ እድር) ተሰብስቦ «ምን ነካው? ስንት ቀን ተኛ? ምን አለ?» ሲባል ሐዘንተኛው ያንኑ ነገር ደጋግሞ ያወራል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ኢዮና ያጣው ይህን ነው። ይህን ይዞ ያነበበ ሰው ታሪኩ ለምን እንደሚከብድ ይገባዋል።

የሌላውን ሩሲያዊ ደራሲ የጎጎልን «ካፖርት» (እ.ኤ.አ. 1842) ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል፤ በአንድ ማታ ከተነበቡ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። እዚያ ዋናው ሒሳቡ ነው። የባለታሪኩ የአካኪ አካኪየቪች ደመወዝ በዓመት 400 ሩብል ነው፣ ካፖርቱ 80፤ የዓመት ገቢው አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ለዚህ ሲል የማታ ሻይ ይተዋል፣ ሻማ አያበራም፣ ጫማው እንዳያልቅ በጣቱ ይራመዳል። ቁጥሩን የዘለለ ሰው «ለአንድ ልብስ ይህ ሁሉ!» ይላል። ስሙ ደግሞ ለእኛ አይከብድም፤ አካኪ የአካኪ ልጅ ማለት ነው።

የ«ቶስካ»ን የመጨረሻ ገጽ ግን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ለአጃ የሚሆን ገንዘብ አልተገኘም፤ ባዝራዋ ድርቆሽ ታኝካለች። ኢዮና «እስቲ ውርንጭላ አለሽ እንበል፣ አንቺ እናቱ ነሽ፤ ድንገት ቢሞትብሽስ?» ይላታል። ታኝካለች፣ ትሰማለች፣ እጁ ላይ ትተነፍሳለች። እሱም ሁሉንም ይነግራታል።