የሴት ውሎ እንዴት ይመዘገባል? ከጎንደር የልምምድ ማስታወሻ

ባለፈው ያካፈልኳችሁ ስለ ፌሚኒስት ግምገማ ያነበብነውን ነበር። አሁን ቅጽ ይዘን ሰው ቤት መግባት ጀምረናል። ላልሰማችሁ፦ ጎንደር ውስጥ በፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ የምንሠራ ጥቂት ሰዎች በትርፍ ጊዜያችን ፌሚኒስት የግምገማ ዘዴዎችን፣ ማለትም ፕሮጀክትን ከሴቶች ኑሮና ከፆታ እኩልነት አንጻር የሚመዝኑትን፣ እየተማርን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ማራኪ አካባቢ አንድ ካፌ እንገናኛለን። አበል የለው፣ ሰርተፍኬት የለው። ማኪያቶውም በየኪሳችን ነው።

ንባቡን ቶሎ ልለፈው። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በዘርፉ የሚጠቀሱ 6 መሠረተ ሐሳቦች አሉ። እኔ ጋ የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ግምገማ ከፖለቲካ ነፃ አይደለም፣ ዕውቀትም ከያዘው ሰው ኑሮ ተነጥሎ አይቆምም። ፈላስፋዋ ሳንድራ ሃርዲንግም ጥናት ከተገፉት ሰዎች ኑሮ ቢጀምር ከላይ ሆኖ የማይታየው ይታያል ትላለች። ጽሑፎቹ ብዙ ቦታ ላይ ያደክማሉ፣ አልዋሽም። ቅጽ ይዞ መቀመጥ ግን ነገሩን ቶሎ ያስገባል።

ለመለማመጃ የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የሴቶች የግብርና አቅም መለኪያ፣ በተለይ የጊዜ ክፍሉን ነው። መለኪያው 5 ዘርፎች አሉት፦ ምርት፣ ሀብት፣ ገቢ፣ አመራርና ጊዜ። የጊዜው ቅጽ ያለፉትን 24 ሰዓታት በ15 በ15 ደቂቃ ይከፋፍላል። ቀኑን የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ አንድ ዋና ሥራና አንድ ደባል፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠራ፣ ሥራ ይጻፋል። ደባሉ የሚታሰበው በግማሽ ነው። በሥራ ያለፈው ጊዜ ድምር ከ10 ሰዓት ተኩል ካለፈ ሰውየው ወይም ሴትየዋ የሥራ ጫና አለባቸው ይባላል።

እንግዲህ ይህን ይዘን አዘዞ ወደሚኖሩ፣ እንጀራ ጋግረው ወደሚሸጡ እናት ሄድን።

«እትዬ፣ ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ምን እሠራለሁ ልጄ፣ ቤት ነው የዋልኩ።»

ይህን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ ሥራ መጠየቁን ትተን «ከእንቅልፍ ምን ቀሰቀሰዎት?» አልናቸው። ያኔ ወሬው መጣ። ውኃው በፈረቃ ነው፤ በዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መጣ። በርሜሉን ሞሉ፣ ጀሪካኖቹን ደረደሩ። ተመልሰው አልተኙም፣ ሊጡ አለ። ከላይ ያቀረረውን ውኃ ደፉ፣ አብሲት ጣሉ፣ በረድ ሲል መልሰው ከሊጡ ጋር አዋሐዱት። ከዚያስ? «ኩፍ እስኪል ቁጭ አልኩ።»

እዚህ ላይ ቆም አልን። ቁጭ ማለቱ እንዴት ያለ ነበር? ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማሉ። የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ተኝቷል። ዓይናቸው ሊጡ ላይ ነው፤ ካመለጣቸው የቀኑ ገቢ አብሮ ይሄዳል። በአንድ 15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሥራ ማለት ነው፤ ቅጹ ያለው ሁለት ቦታ ነው። ምስሩን ዋና፣ ልጁን ደባል ብንል ብር የሚያመጣው ሊጥ የትም አልተጻፈም። ሊጡን ዋና ብንል ደግሞ ልጁ ወይ ምስሩ ይወድቃል። ካፌ ተመልሰን በዚህ ስንከራከር አመሸን። ይባስ ብሎ አጠር ተደርጎ የወጣው የመለኪያው ስሪት ደባል ሥራን ጭራሽ ትቶታል። ጊዜ ለመቆጠብ ነው ይባላል። የማንን ጊዜ?

ፒያሳ አካባቢ ያየነው ቤት ሌላ ጣጣ አመጣ። የቤቱ እመቤት መምህርት ናቸው፣ ድምራቸው ከ10 ሰዓት ተኩል በታች ወጣ። ደስ ይላል፣ ግን ምክንያቱ ጓዳ ውስጥ ናት፤ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ። መለኪያው የሚጠይቀው የቤቱን ዋና ወሳኝ ሴትና ዋና ወሳኝ ወንድ ነው። ልጅቷን የሚጠይቃት የለም። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾው እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈችው፣ በደሎች በአንድ ሰው ላይ ይደራረባሉ የሚለው ሐሳብ ለእኔ ከማንኛውም ሥልጠና ይልቅ እዚያ ጓዳ በር ላይ ገባኝ። ልጅቷን ለማናገር አሠሪዋ በሌሉበት፣ እሷም ስትፈቅድ መሆን አለበት። ያገኘናት ወደ ማታ ትምህርት ስትሄድ፣ በመንገድ ነው። ቅጹን ከቦርሳ አላወጣነውም፤ እየሄድን አወራን።

ጥቃትን የሚመለከት ጥያቄ ሆን ብለን አላስገባንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መመሪያ በእንዲህ ያለ ጥናት ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቅ፣ ያውም ለብቻዋ፣ ድጋፍ የምታገኝበትም ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅ ይላል። እኛ የዕረፍት ቀን ተማሪዎች ነን። ቁስል ነክቶ መሄድ አይሆንም።

«ማን ይወስናል?» የሚለው ጥያቄስ? መልሱ ሁልጊዜ «ተመካክረን» ነው፣ በተለይ አባወራው መደቡ ላይ ካለ። የማኅበራዊ ኢኮኖሚ ምሁሯ ናይላ ካቢር እ.ኤ.አ. በ1999 ሀብትን፣ የመወሰን አቅምንና ውጤትን ለይታ ያሳየችው እዚህ ይጠቅማል። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ፤ ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ፎቶው ግን ስለ ሀብቱ እንጂ ስለ ውሳኔው አይናገርም። ስለዚህ ደንቢያ መሬት ያላቸውን ሴቶች «መሬቱ ለእኩል (ምርቱን ከአራሹ ጋር ለመካፈል) ሲሰጥ አራሹን ማን አነጋገረው?» ብለን ጠየቅን። አንዷ ራሴ ነኝ አለች። ቀጥላም ሳቀች፤ እሷ ከመድረሷ በፊት ወንድሟ ጠላ ቤት ነገሩን ጨርሶት ኖሯል። «ተመካክረን» ውስጥ ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ ነበር።

በመጨረሻ ያገኘነውን ይዘን ወደ ሴቶቹ ተመለስን። አዘዞ እትዬ ቤት ቡና ተፈላ። የውሏቸውን ሠንጠረዥ በትልቅ ወረቀት ሥለን ዘረጋን። ከጎረቤቶቹ አንዷ አተኩራ አየችውና «የእናንተስ ጥያቄ የት ተጻፈ?» አለች። ከሰዓታቸውን የበላነው እኛ ነን፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን ዕረፍት ተብለናል። ወዲያው እስኪብርቶ ወጣ። ከዚያም የትኛው ጥያቄ ለእነሱ ምን እንደሚረባ አንድ በአንድ ተጠየቅን። መልስ ያጣንለትን ሁሉ ሰረዝን፣ ቅጹም በጣም አጠረ።

እነሱ የፈለጉት ሌላ ነገር ነው፤ ውኃ የሚመጣበትን ሌሊትና ሰዓት መዝግቦ ለቀበሌ ማቅረብ። የግድግዳ ካሌንደር ገዛን። ምልክት የሚያደርጉት ራሳቸው ናቸው፤ ወረቀቱም የሚቀመጠው እነሱ ጋ ነው። እኛ ከፈለግን አስፈቅደን ፎቶ እናነሳለን።

ቀጣዩ ዙር ላይ ለሦስተኛው ሥራ አንድ ረድፍ እንጨምራለን። ከሌላ ቦታ ውጤት ጋር ማነጻጸር እንዳይበላሽ ግን ድምሩ ውስጥ አናስገባውም፣ ለብቻው እንይዘዋለን። ደባርቅ ወይም ባሕር ዳር በኩል እንዲህ ያለ ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ ቅጻችሁን ብታሳዩን ደስ ይለናል። በተለይ የቤት ሠራተኞችን ውሎ የመዘገበ ሰው ካለ፣ ፈቃዱን ከማን በፊት ከማን በኋላ እንደጠየቀ ይንገረን፤ እዚያ ላይ አሁንም አልተስማማንም።