ቀለበቱ መሀል ምን አለ?

ራዲዮሎጂስት ነኝ። ቤተሰብ የኤምአርአይ ፊልም ይዞ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ «ዕጢ ነው ተብለናል» ይለኛል። ዕጢ ማለት ግን ገና ምንም ማለት አይደለም። ምን ዓይነት?

መጀመሪያ የማየው ቦታውን ነው። ከአንጎል ሽፋን ተነስቶ አንጎሉን ከውጭ የሚገፋና ኮንትራስት (በደም ሥር የሚገባ፣ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) ሲሰጥ ወጥ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ፣ ሜኒንጂዮማን አስባለሁ። አብዛኛው ሜኒንጂዮማ ካንሰር አይደለም። ትንሽ ከሆነና ካላስቸገረ በክትትል ብቻ የሚቆይም አለ።

የሚከብደው አንጎሉ ውስጥ ቀለበት ሠርቶ የሚታየው ነው። ዳር ዳሩ ያበራል፣ መሀሉ ጨለማ ነው። ከአንጎሉ ከራሱ የሚነሳው ክፉ ካንሰር፣ ግሊዮብላስቶማ፣ እንዲህ ይታያል። ከሳንባ ወይም ከጡት የተዛመተ ካንሰርም እንዲሁ። መግልም፣ ቲቢም እንዲሁ!

አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። ቀለበቱ ከጆሮው በላይ፣ በጎን በኩል ነበር። ማዘዣው ላይ «ራስ ምታት፣ ዕጢ?» ብቻ ተጽፏል። ዲፍዩዥን የሚባለው ምስል አልተነሳለትም። መልሰን አስገባነው። ይህ ምስል ውሃ በሕዋሳት መካከል እንደ ልቡ መንቀሳቀሱን ያሳያል፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። መግል ወፍራም ስለሆነ ውሃው አይላወስም፤ ስለዚህ ቦግ ብሎ ይበራል። የግሊዮብላስቶማ መሀል ግን የሞተ ሥጋና ፈሳሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይበራም። የልጁ በራ። እናቱን ስጠይቃቸው ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ይመግል ነበር። መግሉ ተቀድቶ በአንቲባዮቲክ ታከመ።

ያን የጆሮ ነገር ማዘዣው ላይ አንድ ሰው ቢጽፈው ኖሮ! ይህ ሁሌም ያናድደኛል። በተለይ ቲቢ በዲፍዩዥን ብቻ አይለይም፤ አንዳንዴ ከአንጎሉ ምስል ይልቅ የደረት ራጁ ይረዳኛል። ሳል፣ የክብደት መቀነስ፣ የኤችአይቪ ውጤት፣ ሁሉም ይጻፍልን።

የመጨረሻውን ቃል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከዕጢው ተወስዶ የሚመረመረው ናሙና ነው። በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ለብዙዎቹ ዕጢዎች የጂን ምርመራም ይጠይቃል። ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር) ከተጠረጠረ ደግሞ፣ የሕመምተኛው ሁኔታ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ናሙና ሳይወሰድ ዴክሳሜታሶን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ ባይጀመር ይመረጣል። ዕጢው ሟሽሾ ናሙናው ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስትመጡ የሪፖርቱን ወረቀት ብቻ አትያዙ። ሲዲውንም አምጡ፤ የቆየ ምስል ካለም እሱን ጨምሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው በምን ፍጥነት እንዳደገ አውቃለሁ።