ኢሴካይ ጠግቤ ነበር፣ 36 ክፍል ካየሁ በኋላ ግን የእማዬን ሙቀጫ ሰርቄ ወረቀት እየሠራሁ ነው

ባለፈው ኢሴካይ በቃኝ ብዬ ነበር፣ ቃሌን አጥፌያለሁ። ለማታውቁት፣ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ዓይነት ነው፣ ቃሉ ጃፓኖቹ "ሌላ ዓለም" ሲሉ ነው፣ አንድ ልጅ መኪና ይገጨዋል፣ ሲነቃ ድራጎን ያለበት አገር ነው፣ በሦስተኛው ደቂቃ ሰይፍ ይሰጡታል በአሥረኛው ደቂቃ ማንም አይችለውም። አሥር አይቼ አሥሩም አንድ ሆኑብኝ። ከዛ አንድ ጓደኛዬ አሰንዳንስ ኦፍ ኤ ቡክዎርም የሚባለውን አኒሜ እይ አለኝ፣ ስለምንድነው ስለው "ልጅቷ መጽሐፍ አጥታ ስታለቅስ ነው" አለኝ፣ ሳቅኩበት።

ይኸው ወር ተኩል ሆነኝ፣ 36ቱንም ጨረስኩ። እያየሁ ስልኬ ላይ ማስታወሻ እይዝ ስለነበር እሱን ነው የማካፍላችሁ፣ ትልልቁን ስፖይለር እዘላለሁ።

የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከ1 እስከ 3

እውነቱን ልናገር፣ ልተወው ነበር። ኡራኖ የምትባል መጽሐፍ ያሳበዳት ጃፓናዊት መሬት ሲንቀጠቀጥ የራሷ መጻሕፍት ተደርምሰውባት ትሞታለች፣ ስትነቃ ማይን የምትባል የ5 ዓመት በሽተኛ ልጅ ሆናለች። አባቷ ጉንተር የከተማ በር ጠባቂ ወታደር ነው። ቤቱ ጠባብ፣ ልጅቷ ደግሞ ትንሽ ከተራመደች ትኩሳት ይጥላታል። ፀጉሯን ታጠበች፣ ቤት ጠረገች፣ ታመመች፣ ዳነች፣ እንደገና ታመመች። እኔ ደግሞ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ እንቅልፌን ሰውቼ ነው ዳውንሎድ የማደርገው፣ ለዚህ ነው እንዴ አልኩ።

ያቆየኝ ገበያው ነው። ከእናቷ ጋር ገበያ ሄዳ መጽሐፍ ታያለች፣ ግን ዋጋው ድሃ ቤት የሚታሰብ አይደለም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ገጽ ብራና ነው፣ በእጅ የተጻፈ። እዚህ ጋ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አያቴ ቤት፣ ጎጃም፣ አንድ ዳዊት ነበር፣ በቆዳ ማኅደር ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ እኛ ልጆቹ እንዳንነካው ከፍ ተደርጎ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን ያ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደበላ ይነግሩን ነበር። ቆዳው ይነከራል፣ እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ፀጉሩና ሥጋው ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ገና ከዛ በኋላ ነው መስመር የሚሰመርበት፣ ከአንድ ፍየል ደግሞ ጥቂት ቅጠል ነው የሚወጣው። ታዲያ ማይን መጽሐፉን አይታ አቅሏን ስትስት ሌላ ተመልካች ይስቅ ይሆናል፣ እኔ ግን ያ ማኅደር ነው ድቅን ያለብኝ። በኋላ ቤተ መቅደሳቸው ውስጥ መጻሕፍቱ በሰንሰለት ከጠረጴዛ ጋር ታስረው ሳይ ደግሞ፣ እነሱ ያስራሉ እኛ እንሰቅላለን አልኩ ለራሴ።

ሁለተኛ ሳምንት

መግዛት ካልተቻለ እሠራለሁ ትላለች። ከዚህ በኋላ ነው የተያዝኩት፣ ምክንያቱም ምንም አይሳካላትም። ከሣር እንደ ፓፒረስ ልትጠልፍ ሞከረች፣ ቀን ሙሉ ተቀምጣ የጣት የምታህል ነገር ወጣ። ሸክላ ላይ ጻፈች፣ ዝናብ አጠበው፣ እንደገና ሠርታ ምድጃ ስትከተው ፈነዳ። እንጨት ላይ ጻፈች፣ እናቷ ማገዶ መስሏት አነደደችው። እዚህ ጋ ታናሽ እህቴ (አብራኝ ማየት ጀምራለች፣ ሰብታይትሉን እየተረጎምኩላት፣ አማርኛ የለውማ) ከልቧ ተናደደች፣ "እናትየዋን ማን ንኪ አላት" አለች።

ሌሎቹ ኢሴካይ ላይ የሚያናድደኝ ልጁ ከኛ ዓለም ያመጣው እውቀት ወዲያው መሥራቱ ነው። ይቺ ሁሉንም አንብባለች፣ ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ በቃሏ ታውቃለች፣ ግን እጇ አቅም የለውም፣ ድስት የላት፣ ወንፊት የላት፣ እንጨት የሚቆርጥላት የላት። ሉትዝ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነው የሚቆርጥላት። ኦቶ የሚባል ወታደር ፊደል ያስተምራታል፣ እሷ በምላሹ ሒሳብ ትሠራለታለች። ቤኖ የሚባል ነጋዴ ገንዘቡን ያወጣል፣ ግን በነፃ አይደለም፣ የሻምፖዋን አሠራር ተቀብሎ፣ ውል አስፈርሞ ነው። ቤኖን በጣም ነው የወደድኩት፣ ልክ መርካቶ የሚያውቁት ዓይነት ነጋዴ፣ ይጮህባታል፣ ይከራከራታል፣ መልሶ ደግሞ እንዳትታለል እሱ ራሱ ይመክራታል።

የሉትዝ ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ይቺ ልጅ የማውቃት ማይን አይደለችም ብሎ ይነቃል። የድሮዋ ማይን የት ሄደች? ሞታለች እኮ፣ በትኩሳቱ፣ ይቺ ሰውነቷ ውስጥ ነው የገባችው። ስንት ኢሴካይ አይቼ ይሄን ጥያቄ በቁም ነገር ሲያነሳው ያየሁት የመጀመሪያው ነው። እህቴ ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ቀጣዩን ሳንከፍት አደርን።

ሦስተኛ ሳምንት፣ የኔ እብደት

እነ ማይን ወረቀቱን የሚሠሩት እንደ ጃፓኖቹ ባህላዊ ዋሺ ነው፣ የእንጨት ልጥ ቀቅለው፣ በአመድ አፍልተው፣ ደብድበው፣ ልጋግ ካለው ነገር ጋር ውሃ ውስጥ በትነው በወንፊት ማንሳት። ልጋጉ ጭረቱ አንድ ቦታ እንዳይቋጠርና ውሃውም ቀስ ብሎ እንዲወርድ ነው። ጃፓን ውስጥ ከባሚያ ጋር የሚዛመድ ተክል ሥር ነው የሚጠቀሙት። ይሄን ሳነብ፣ ልጋግማ ተልባ አለን አይደል እንዴ አልኩ።

ቃጫ ገዛሁ፣ የእንሰቱን። በመቀስ ቆራረጥኩ፣ ከአመድ ውሃ ጋር ግማሽ ቀን ቀቀልኩ (ቤቱ ምን እንደሸተተ አትጠይቁኝ)፣ አጥቤ በእማዬ ሙቀጫ ወቀጥኩ። የተልባ ልጋግ አጥልዬ ጨመርኩ፣ በወንፊት አነሳሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። የወጣው ወረቀት አይደለም፣ የወፍ ጎጆ ነው። ጭረቱ ረጅም ነበር፣ አወቃቀጤም የሰነፍ ነው፣ ሲደርቅ ጫፍ ጫፉ ተነስቶ መሐሉ ተበሳ። ለሁለተኛ ሙከራ ባልዲ ውስጥ የዘፈዘፍኩትን ደግሞ እማዬ ቆሻሻ ውሃ መስሏት ደፋችው። እህቴ መሬት ላይ ተንከባልላ ሳቀች፣ "አየህ፣ ማገዶው!" እያለች።

አራተኛ ሳምንት እና ከዛ በኋላ

ሲዝን 1 14 ክፍል ነው፣ በ2019 የወጣ፣ መጨረሻው ላይ አባትየው ለልጁ የሚቆምበት ቦታ አለ፣ እሱን በጽሑፍ አላበላሸውም። ሲዝን 2 (2020፣ 12 ክፍል) ቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው፣ የተረሱ ወላጅ አልባ ልጆችን አብልታ፣ አጥባ፣ ወረቀት ሥራ ታስተምራቸዋለች፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሲዝን 3 (2022፣ 10 ክፍል) ላይ ቅሬታ አለኝ፣ መኳንንቱና ፖለቲካው ሲገባ ይሮጣል፣ ስም በስም ላይ ይደረብባችኋል፣ ማን የማን አጎት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የተከታተልኩት። ሥዕሉም እንዲያምር አትጠብቁ፣ አንዳንድ ቦታ የበጀት እጥረት ያስታውቃል፣ ውጊያ ለማየት ከሆነ የምትመጡት ደግሞ ባትጀምሩት ይሻላል። ታሪኩም 36 ላይ አያልቅም። አኒሜው የተሠራበት የሚያ ካዙኪ ልቦለድ 33 ቅጽ ሆኖ በ2023 ነው ያለቀው፣ ሦስቱ ሲዝኖች ገና ጅማሬው ላይ ነው ያቆሙት፣ ቀጣዩን ሲዝን የተረከበው ዊት የሚባል ሌላ የአኒሜ ስቱዲዮ ስለሆነ ሥዕሉ ይሻሻላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እና ይታያል ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ ይታያል፣ ግን በ3 ክፍል አትፍረዱ፣ ሉትዝ እስኪነቃ ድረስ ታገሡ፣ እሱን አይታችሁም ካልያዛችሁ ተዉት፣ ከዛ በኋላ የሚቀየር ነገር የለም። ከታናናሾቻችሁ ጋር ብታዩት ደግሞ የተሻለ ነው፣ ደም እምብዛም የለውም፣ እህቴ አሁን ደብተሯን ስትቀድ እኔ ሳልሆን እሷ ናት የምትደነግጠው።

የወረቀቱን ነገር ደግሞ አልተውኩም። ቃጫውን አሁን ከጥፍር በማይበልጥ ቁመት ቆርጬዋለሁ፣ ሁለት ቀን ወቅጫለሁ፣ በወንፊቱ ፋንታ እንጨት ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ አዘጋጅቻለሁ፣ ባልዲው ላይም በትልቁ "አይደፋ" ብዬ ጽፌያለሁ። እሁድ አነሳዋለሁ። ልጋጉ ሲበዛ ነው ሲያንስ የሚሻለው፣ የሞከረ ካለ ከእሁድ በፊት ንገሩኝ።