ሜሴጅ ኪው ስንከፍት ልብ የማንላቸው ነገሮች

ሁለት ፕሮሰሶች (እየሰሩ ያሉ ፕሮግራሞች) አንድ ማሽን ላይ እንዲያወሩ ስፈልግ እኔ መጀመሪያ የማስበው የፖዚክስ (የዩኒክስ አይነት ሲስተሞች ስታንዳርድ) ሜሴጅ ኪውን፣ ማለትም የሜሴጅ ወረፋውን ነው፣ ምክንያቱም ፓይፕ (ሌላው ፕሮሰሶች የሚያወሩበት መንገድ) ላይ ዳታው ዝም ብሎ ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ አንዱ የት ጋ አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ራሳችሁ መለየት አለባችሁ፤ ኪው ላይ ግን እያንዳንዱ ሜሴጅ እንደተላከ ሙሉውን ይደርሳል፣ ፕራዮሪቲው ከፍ ያለውም ቀድሞ ይወጣል።

ኪው የሚከፈተው በኤምኪው ኦፕን (mq_open) ፈንክሽን ነው። ስሙ በስላሽ ይጀምራል፣ ከዛ ወዲያ ሌላ ስላሽ አይገባም። ያለውን ለመክፈት ስምና ፍላግ ይበቃል፣ አዲስ ለመፍጠር ግን ኦ ክሪኤት (O_CREAT) የሚለውን ፍላግ ጨምራችሁ ፐርሚሽንና አትሪቢዩት (ስንት ሜሴጅ እንደሚይዝና የአንዱ ሜሴጅ ትልቁ ሳይዝ) ትሰጣላችሁ። አትሪቢዩቱን ነል (NULL፣ ባዶ) ካደረጋችሁት ሊኑክስ ላይ ዲፎልቱ 10 ሜሴጅ ነው፣ እያንዳንዱ እስከ 8192 ባይት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፣ በዛ ስም ኪው ቀድሞ ካለ የሰጣችሁት አትሪቢዩት ዝም ተብሎ ይታለፋል፣ ኤረር የለም ምንም የለም፣ ሳይዙን ቀየርን ብላችሁ ፕሮግራሙን ታስነሳላችሁ እሱ ግን በድሮው ነው የሚሰራው። ኪው ደግሞ ፕሮሰሱ ሲሞት አብሮ አይጠፋም፣ በኤምኪው አንሊንክ (mq_unlink) እስኪጠፋ ወይ ማሽኑ ሪስታርት እስኪደረግ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ይቆያል። ለዛ ነው ኪውን የሚፈጥረው ፕሮሰስ ላይ ሁሌም ከኦ ክሪኤት ጋር ኦ ኤክስክል (O_EXCL) የሚለውን ፍላግ የምጨምረው፣ ኪው ካለ ወዲያው ኤረር ይመልሳል። በተቀባዩ በኩል በፈሩ (buffer፣ ሜሴጁን የምትቀበሉበት ሜሞሪ) ከኪው ትልቁ የሜሴጅ ሳይዝ እንዳያንስ፣ ካነሰ የመጣው 5 ባይት ብቻ ቢሆን እንኳን አይቀበልም፣ በኤምኪው ጌት አትር (mq_getattr) ሳይዙን ጠይቃችሁ በዛ ልክ ያዙ።