ለእኔ "ዘ ዋየር" ነው፣ ያውም ሲዝን ሁለት

በርጫ ላይ "ምርጡ ተከታታይ ፊልም የቱ ነው?" የሚል ወሬ ከተነሳ የድሬ፣ የድሬዳዋ ልጅ መልሱ የታወቀ ነው። አንዱ "ፕሪዝን ብሬክ" ይላል፣ ሌላው "ብሬኪንግ ባድ"፣ ሦስተኛው በ"ጌም ኦፍ ትሮንስ" መጨረሻ እስካሁን ንዴቱ አልበረደለትም። እኔ "ዘ ዋየር" ስል ግማሹ ጭራሽ አላየውም። ያየው ደግሞ ወዲያው ኦማርን ያነሳብኛል፤ እያፏጨ መጥቶ የዕፅ ነጋዴዎችን የሚዘርፈውን፣ ነፍሱን ይማርና ማይክል ኬ. ዊልያምስ የተጫወተውን። ኦማርን እኔም እወደዋለሁ፣ ማን ይጠላዋል? ግን የምወደው ሲዝን ሁለተኛው ነው ስል "አቦ ተወን!" ይመጣል።

ላላያችሁት፦ ኤችቢኦ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 የታየ፣ በአምስት ሲዝን 60 ክፍል ያለው፣ ባልቲሞር በምትባል የአሜሪካ የወደብ ከተማ ላይ የሚያጠነጥን ነው። የፈጠረው ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ የወንጀል ዘጋቢ ነበር። አብሮት የጻፈው ኤድ በርንስ መርማሪ ፖሊስ ነበር፣ በኋላ ደግሞ አስተማሪ ሆኗል። ለዚህ ይመስለኛል ፖሊሱ አለቃው ሲያመናጭቀው፣ ያን ሁሉ ለፍተው የጠለፉት ስልክ ላይ ምንም ሳይወራ ሲውል፣ ሰዎቹ የሚያውቁትን እንደሚጽፉ የሚያስታውቀው። ያም ሆኖ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አንዴም አላገኘም። ያስቃል።

የመጀመሪያው ሲዝን በዕፅ ሻጮችና በፖሊሶች መሃል ነው። ተመልካቹ ያንኑ ሊቀጥል ሲጠብቅ 2003 ላይ ድንገት ወደቡ ውስጥ ይከቱታል፤ ክሬን፣ ኮንቴይነር፣ በጠዋት ቢራ የሚጠጡ ጫኝና አውራጆች። ብዙ ሰው "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" ብሎ ያቋረጠው እዚህ ጋ ነው። እኔ ግን ከዚራ፣ የድሬዳዋው የባቡር ሰፈር፣ ያደግኩ የባቡር ሠራተኛ ዘመድ ነኝ፤ እነዚያን ሰዎች ሳያቸው አልተቸገርኩም።

ፍራንክ ሶቦትካ የጫኝና አውራጆቹ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነው። መርከብ ቀንሷል፣ የማኅበሩ ልጆች በሳምንት የሚሠሩት ቀን አይሞላም። የመርከቡ መግቢያ ቦይ ተቆፍሮ እንዲጠልቅ፣ የእህል ማራገፊያው ተጠግኖ እንዲከፈት ፖለቲከኛ ማግባባት ይፈልጋል፣ ይሄ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘቡ የሚመጣው እሱና ሰዎቹ የኮንትሮባንዲስቶችን ኮንቴይነር ከመዝገብ እያጠፉ ሲያሳልፉላቸው ነው። ለኪሱ አይደለም፤ ጃኬቱን ያየ ያውቃል። አንድ ቀን ከኮንቴይነር ውስጥ የ13 ሴቶች አስከሬን ይወጣል። ፍራንክ ፊቱ ሲቀየር ለማየት ብቻ ክሪስ ባወርን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ምርመራው የሚጀመርበት ምክንያት ግን ሴቶቹ አይደሉም። ፍራንክ በማኅበሩ ስም ለቤተ ክርስቲያን ባለቀለም የመስታወት መስኮት ያሠራል። ለዚያው ቦታ ፖሊሶችን የሚያሳይ መስኮት ያሰበው የፖሊስ ሻለቃ ቫልቼክ ይቀደማል። በቃ፣ ቂም። እኛ ጋ ለደብሩ ምንጣፍ ወይም መጋረጃ ለማስገባት የሚፎካከሩ ሁለት ባለሀብቶችን ያየ ሰው ይህን ሲያይ ፍርስ ብሎ ይስቃል። ያ ሁሉ የሰው ሕይወት የሚበላሽበት ክስ መነሻው ይሄ ነው።

በጣም የማልረሳው ጋሼ፣ ማለትም አጎቴ፣ አብረውኝ ያዩት ክፍል ነው። ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር የሠሩ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ እንደ ውኃ ይናገራሉ፣ እንግሊዝኛ ላይ የሉበትም። ከሰዓት ነበር፣ ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ከጥግ ጥግ ያመላልሳል። ፍራንክ አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሮተርዳም ወደብ ቪዲዮ ያሳዩታል፤ ኮንቴይነሮቹ በራሳቸው ይነሳሉ፣ በራሳቸው ይሄዳሉ።

"ሰዎቹስ?" አሉኝ ጋሼ።

"ሰው የለም፣ ማሽን ነው።"

"እሱን አየሁ። ሰዎቹ የት ሄዱ ነው የምልህ!"

ከዚያ በፈረንሳይኛ የማይጻፍ ነገር ተናገሩ። ትርጉም ሳልነግራቸው ክፍሉን ከእኔ በላይ ገብቷቸዋል።

ነገሩ ግልጽ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ተራራው ከብዶት ሐረርን ትቶ እ.ኤ.አ. 1902 ላይ እዚህ ባይደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር። ባቡሩ ሲመጣ የሚነቃ፣ ሲዘገይ የሚተክዝ ሰፈር ነበረን። ስለ ኮንትሮባንድም ለድሬ ሰው ማንም አያስተምረውም፤ እዚሁ ከተማችን ያለው ታይዋን ገበያ ሄዶ ሸሚዝ ያልገዛ ማን አለ? ከዚያ አሮጌው መስመር እየደከመ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. 2016 ላይ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፣ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አዲሱን አልጠላም፣ ፈጣን ነው። ብቻ ሲያልፍ ከዚራ አይሰማም።

እንከን የለውም አልልም። የፍራንክ ልጅ ዚጊ ያደክማል፤ ዳክዬ ይዞ ቡና ቤት ሲገባ ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ደርሼ ነበር። ግን ሲዝኑ ሲገባደድ አንድ ቦታ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ የማለቅሰው ለእሱ ሆነ። "ግሪኩ" የሚሉት የኮንትሮባንዲስቶቹ አለቃ ደግሞ ምስጢራዊነቱ ትንሽ በዝቷል።

አራተኛው፣ የትምህርት ቤቱ ሲዝን፣ ይበልጣል ለሚሉኝ አልከራከርም፤ ዱኪ የሚባለው ልጅ የሚደርስበትን አይቼ ሌሊቱን አልተኛሁም። ሦስተኛውም ጥሩ ነው። አምስተኛው፣ የጋዜጣው፣ ተቸኩሎ የተሠራ ይመስለኛል።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ክፍሎች ታገሱ፤ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። የመንገዱ እንግሊዝኛ ከባድ ስለሆነ ሰብታይትል ያለውን ፈልጉ፣ አይ እኔ እሰማለሁ አትበሉ። ደግሞ የእኔን ወሬ ሰምታችሁ በቀጥታ ወደ ወደቡ እንዳትገቡ፤ መርማሪ ፖሊሱ ማክነልቲ ለምን ጀልባ ላይ ተመድቦ እንደሚንቀጠቀጥ ለመረዳት ሲዝን አንድን ማየት ግድ ነው።