የለቀቁትን ቦታ ማን ያዘው?

ሥራዬ የመንግሥት የልማት ድጎማ የወሰዱ ድርጅቶች በውላቸው መሠረት ሰው መቅጠር አለመቅጠራቸውን ማጣራት ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ሥራ አጥነት ወደበዛባቸው፣ ከሌላው ወደኋላ ወደቀሩ አካባቢዎች ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ቀን አሰልቺ ነው። ሪፖርት ይመጣል፣ ከፔሮል፣ ማለትም ከደመወዝ መክፈያ መዝገብ ጋር ይመሳከራል፣ ይፈረምበታል፣ ፋይሉ ይዘጋል።

አንድ ጊዜ የአንድ ፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ሪፖርት ደረሰኝ። ከመቶ በላይ አዲስ ቅጥር ይላል። ፔሮሉ ንጹህ ነው። የጡረታ መዋጮው በየወሩ ገብቷል። ሁሉም ቋሚ ሠራተኞች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ፋይል ስለማይገኝ ደስ ብሎኝ ልፈርም ስል፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ አንገቷን አስግጋ አየችና «ቆይ እስቲ፣ የደረጃውን ዓምድ አሳየኝ» አለች።

ሲኒየር ኦፕሬተር። ሲኒየር ኦፕሬተር። የፈረቃ ኃላፊ። ሲኒየር ቴክኒሽያን። ፋብሪካው ከተከፈተ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ግማሽ ያህሉ ሰው ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚከፈለው በከፍተኛ ደረጃ ነው።

«እነዚህ ሁሉ ባለሙያዎች ከሰማይ ዱብ አሉ?» አለችኝ።

ሄደን አየን። አንዲት ሠራተኛ ማሽን ላይ ሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበትን ብረት ትቀይራለች። ብሎኖቹን ማዶ ለማዶ እያፈራረቀች ታላላለች፣ የማቀዝቀዣ ቱቦውን ትነቅላለች፣ አዲሱን ታስገባለች። ደግሞ ይህን ሁሉ የምታደርገው እኛን እያወራች ነው። የት እንደለመደችው ጠየቅናት። «ወንዙን ተሻግሮ ያለው ፋብሪካ ነበርኩ፣ ስምንት ዓመት» አለች። እዚህ ደመወዙ ይሻላል፣ ከእሷ ጋር የመጡም ብዙ ናቸው። ምንም የምትደብቀው ነገር የላትም፤ ለምንስ ትደብቃለች? የተሻለ ክፍያ ካገኘ ማን ይቀመጣል?

ሥራ አስኪያጁ ጥያቄያችን አልተመቸውም። ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። «አንብቡት። ቅጠሩ ነው የሚለው፣ ቀጥሬያለሁ። ከየት አምጡ የሚል አለበት?» የለበትም። ሰውየው ልክ ነው። ውሉን የጻፈው ደግሞ የእኛው መሥሪያ ቤት ነው።

ወንዙን ተሻገርን። ያኛው ፋብሪካ ድጎማ ወስዶ አያውቅም። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ገና ከየት እንደመጣን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «በከፈልነው ግብር ያሠለጠንናቸውን ልጆች አስኮበለላችሁብን» አለች። መልስ አልነበረንም። ትንሽ ከተረጋጋች በኋላ ግን የለቀቁትን ሰዎች ዝርዝር አወጣችልን። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ቦታው ተተክቶ እንደሆነ፣ በማን እንደተተካ በእጇ ጽፋለች። እኛ በጀት ይዘን ያልሠራነውን ሥራ እሷ በእስክሪብቶ ሠርታው ነበር።

ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ከተለቀቁት ቦታዎች በከፊሎቹ የገቡት ከዚያ በፊት ሥራ ይዘው የማያውቁ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ ድጎማው ሥራ ፈጥሯል። ግን ከፈጠረው አንዱ ክፍል የተገኘው አምስት ሳንቲም ባልወሰደው ፋብሪካ ውስጥ ነው። የቀሩት ቦታዎች ባዶ ናቸው። የሌሊት ፈረቃውን የሚመራ ሰው ስለጠፋ ፈረቃው ራሱ ተዘግቷል። ይህ ደግሞ በየትኛውም ሪፖርታችን ላይ አይታይም፤ እኛ የምንቆጥረው ወንዙ ወዲህ ያለውን ብቻ ነዋ።

ይህ በእኛ ቤት የተጀመረ ነገር አይደለም። ወደኋላ የቀረውን የቴነሲ ወንዝ ሸለቆ ለማልማት በ1933 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመውን የመንግሥት ድርጅት፣ የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣንን ውሰዱ። ግድብና መንገድ በመንግሥት ገንዘብ ተሠራ። ፓትሪክ ክላይን እና ኤንሪኮ ሞሬቲ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ መዝገቡን ሲመረምሩ፣ ገንዘቡ ሲቆም የግብርናው ሥራ ተመልሶ ሲቀንስ የፋብሪካው ግን እያደገ መቀጠሉን አገኙ። ለሸለቆው ትልቅ ድል ነው። አገሩ በሙሉ ሲደመር ግን፣ ሸለቆው በፋብሪካዎች መሰባሰብ ያገኘውን ጥቅም ሌላው ቦታ ያጣው አጣፍቶታል። የእኛው ወንዝ ነው፣ ሰፋ አለ እንጂ።

ታዲያ ድጎማ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። በብሪታንያ ለተጎዱ አካባቢዎች የሚሰጠውን የኢንቨስትመንት ድጋፍ ያጠኑ ተመራማሪዎች በፋብሪካዎች ሥራ እንደጨመረ፣ ሥራ አጥነትም እንደቀነሰ አግኝተዋል። ለውጡ የታየው ግን በትናንሾቹ ድርጅቶች ነው። ትልልቆቹ ገንዘቡን ተቀብለው እንደነበሩ ቀጠሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ወፍራም ፋይል፣ አማካሪ የጻፈው ፕሮፖዛል፣ ያማረ ፎቶ ይዞ የሚመጣው ሁሌም ትልቁ ነው። ትንሹ ፎርሙን መሙላት አቅቶት በር ላይ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ባልደረባዬ በቅጥር ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች። «ከመቀጠሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር?» የሚል ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። በአዲሶቹ ውሎች ላይም ከሚቀጠሩት የተወሰነው ክፍል ሥራ ፈላጊ የነበረ እንዲሆንና ድርጅቱ በራሱ ወጪ እንዲያሠለጥነው የሚል አንቀጽ ገባ። አንዳንዶቹ ይህን ሲያዩ ማመልከቻቸውን አንስተው ሄዱ። ይሂዱ! የሰለጠነ ሰው ከጎረቤት ለመንጠቅ የመንግሥት ገንዘብ ምን ያደርግላቸዋል?

የዚያን ፋብሪካ ሪፖርት ወደ በላይ የላክነው በሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው በፔሮሉ ላይ ያለው ሰው ብዛት። ሁለተኛው በወንዙ ወዲያና ወዲህ ቀድሞ ሥራ ያልነበረው፣ አሁን ግን ያለው ሰው፤ ከዚያ ላይ የተዘጋው ፈረቃ ተቀንሶ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ለምን እንደተለያዩም በአንድ ገጽ አብራርተናል።

በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ የወጣው ትልቁ ነው።